የአይጥ ጥርስ ማንበብ፦ ከሰበታ ወፍጮ ቤት እስከ መልካ ቁንጡሬ ደለል

ከአዲስ አበባ ወጥቶ በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ የያዘ ሰው፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ መልካ ቁንጡሬ ይደርሳል። አዋሽ ገና ከምንጩ ብዙ ሳይርቅ የሚያልፍበት፣ የጥንት ሰው መሣሪያና የእንስሳት ቅሪት የሚቆፈርበት ቦታ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በአቅራቢያው ካለው ባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎብኚ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ባልጩት መጥረቢያውና ስለ ጉማሬው አጥንት ነው፤ ሁለት ሚሊሜትር ስለማትሞላው የአይጥ ጥርስ የሚጠይቅ የለም። ጉማሬ ግን ወንዝ እንደነበረ ብቻ ነው የሚነግረን። አይጥ ተወልዳ የምትሞተው በአንድ ማሳ ዙሪያ ስለሆነ፣ ሣሩ ረጅም ይሁን አጭር፣ መሬቱ እርጥብ ይሁን ደረቅ እሷ ናት የምታወጣው። የአይጥ አጥንት ይሰባበራል፤ ጥርሷ ግን በኢናሜል፣ በጠንካራው የጥርስ ሽፋን፣ ስለተለበጠ መቶ ሺህ ዓመትም ሚሊዮን ዓመትም ይቆያል።

ይህ መመሪያ ጀማሪ ለሆነ ሰው ነው፦ ለባዮሎጂ ተማሪ፣ ለአስጎብኚ፣ ለቅርስ ወዳጅ። ማይክሮስኮፕ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ባይኖርም አሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ሌንስና ትዕግሥት ይበቃል።

አካፋውን አስቀምጡ

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርን ይከለክላል፤ ቅሪተ አካልም ቅርስ ነው። በመንገድ ሥራ ወይም በጎርፍ የተገለጠ ነገር ካያችሁ ሳትነኩ ቦታውን መዝግቡ፣ ፎቶ አንሡ፣ ለቅርስ ባለሥልጣን ወይም በአቅራቢያችሁ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ከደለሉ የወጣ ጥርስ የት ቦታና ከየትኛው ንጣፍ እንደመጣ ካልታወቀ ጥርስ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የደለል ሥራ ፈቃድ ካለው ቡድን ጋር ለምትሠሩበት ቀን ነው። የሚቀጥለውን ደረጃ ግን ነገ ጠዋት መጀመር ትችላላችሁ።

መጀመሪያ የጎረቤታችሁን አይጥ እወቁ

የእኔ ትምህርት ቤት በሰበታ ዳር የቆመች ሥራ የፈታች ወፍጮ ቤት ነበረች። ጣሪያዋ ሥር ጉጉት ሰፍራለች። ጉጉት አይጧን ሙሉ በሙሉ ትውጥና ሥጋውን ከፈጨች በኋላ ፀጉሩንና አጥንቱን አድቦልቡላ በአፏ ትተፋዋለች፤ አውራ ጣት የሚያህል ግራጫ ድብልብል ነው። በአንዱ ድብልብል ውስጥ የሁለት የሦስት አይጥ ራስ ቅል ይገኛል። የወፍጮ ቤቱ ጠባቂ ጎንበስ ብዬ ስለቅም አይተው፣

«ይኼን ቆሻሻ ምን ልታደርገው ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ጥርስ ልለቅምበት ነው አባባ።»

«የማን ጥርስ?»

«የአይጥ።»

«ጆንያዬን በሙሉ በስታ ያሳየችኝ አልበቃ ብሎ!» ብለው እየሳቁ መሰላል አመጡልኝ።

ጉጉት ሟርተኛ ናት እየተባለ በድንጋይ የምትባረርበት ሰፈር ብዙ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ጎተራ ያለው ሰው ሊያባርራት አይገባም፤ የአይጥ ተማሪማ ጭራሽ።

ድብልብሉን ከመንካታችሁ በፊት ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ፤ አይጥ በሽታ ተሸካሚ ናት። ሥራው ከኩሽና ውጭ ይሁን። ድብልብሉን ለብቻው በተያዘ ጣሳ ውስጥ በፈላ ውኃ ዘፍዝፉት፤ ፀጉሩ ሲላቀቅ በወረንጦ እየለያችሁ የራስ ቅሉንና መንገጭላውን አውጡ፣ አድርቁ። ከዚያ በየዓይነቱ በትንንሽ ብልቃጥ አስቀምጡ፣ ቁጥር ስጡ። እንዲህ ያለ ስብስብ የሌለው ሰው ቅሪተ አካል ላይ ስም ሲሰጥ በግምት ነው የሚሠራው። ጥርሱ ከነመንገጭላው ስለሆነ የላይ የታች፣ የግራ የቀኝ እያላችሁ ዓይናችሁን ታሠለጥናላችሁ፤ ከደለል የሚወጣው ግን አንድ አንዱ ተነጥሎ የተበታተነ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት የጥርስ መመሪያ አብዛኛው ለአውሮፓ የተጻፈ ነው። ገጹን የሚሞላው ጥርሱ በሦስት ማዕዘን ዚግዛግ የተሠራ ባለ አጭር ጅራት የሜዳ አይጥ ነው። ያ ወገን ከሰሐራ በታች አይኖርም። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ስፈልገው ነበር።

ደለሉን ማጠብ

ከተፈቀደው ቁፋሮ የወጣውን አፈር መጀመሪያ በፀሐይ አድርቁት። ደረቅ ሸክላ ውኃ ሲነካው ራሱ ይፈርሳል፤ እርጥቡ ግን እንደ ጭቃ ይድቦለቦላል። መረሬ አፈር ከሆነ ማድረቅና መዘፍዘፉን ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚያ ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ወንፊቱን እያወዛወዛችሁ እጠቡ። በእጅ አትሹት።

የወንፊቱ ዓይን ነገሩን ይወስናል። የአንድ ሚሊሜትር ወንፊት ብቻ ብትጠቀሙ ትልልቆቹ ዝርያዎች ይቀሩላችሁና ትንንሾቹ ከውኃው ጋር ይሄዳሉ፤ የትንሿ አይጥ ሦስተኛ መንጋጋ (የኋላ ማኘኪያ ጥርስ) አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ከላይ የአንድ፣ ከሥር የግማሽ ሚሊሜትር ወንፊት ደርቡ። ያለዚያ «እዚህ ትንንሽ አይጥ አልነበረም» የሚል ድምዳሜ ላይ ትደርሳላችሁ፤ ጥፋቱ ግን የወንፊቱ ነው።

የደረቀውን ቅሪት ጥቁር ሳህን ላይ በስሱ በትኑ፣ ጤፍ እንደሚለቅም ሰው ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ሂዱ። ጥርሱን በወረንጦ አትያዙት፣ ተፈናጥሮ ይጠፋል፤ ጫፉ በውኃ በረጠበ ቀጭን ብሩሽ አንሡት። ለማየት ስትፈልጉ በስፒል ጭንቅላት ላይ ትንሽ ሰም አድርጋችሁ ሥሩን ወደ ታች አቁሙት፤ ማዞር ይቻላል። ለማስቀመጫ ባዶ የመድኃኒት ካፕሱል የሚያህል የለም።

የአይጥ ወገን መሆኑን አረጋግጡ

በወንፊት የሚቀረው ሁሉ አይጥ አይደለም። አፍንጫቸው የሾለ ነፍሳት በል ትንንሽ እንስሳት አሉ፤ ሰው አይጥ ይላቸዋል፣ ግን አይጥ አይደሉም። የላይ መንጋጋቸው ላይ በስለት የቆሙ መስመሮች ከ«ደብልዩ» ፊደል ጋር ይመሳሰላሉ። የሌሊት ወፍም እንዲሁ። ጥንቸል ደግሞ ከላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ጀርባ ሌላ ሁለት ትንንሽ ጥርስ አላት፤ አይጥ ይህ የላትም።

የአይጥ ወገን ምልክቱ የፊት ጥርሱ ነው። ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ ኢናሜሉ በፊት በኩል ብቻ ስለሆነ ለስላሳው ጀርባ ቶሎ ይበላና ጫፉ እንደ መሮ ይሳላል። ከፊት ጥርሱ ቀጥሎ ባዶ ቦታ አለ፤ ክራንቻ የለም። በሕይወት ባለው እንስሳ ላይ ኢናሜሉ በብረት ንጥረ ነገር ምክንያት ብርቱካንማ ሊሆን ይችላል፤ ከደለል በወጣው ላይ ግን ቀለም አይታመንም፤ ማዕድን ጥቁርም ቡናማም ያደርገዋል።

የፊት ጥርሱ የክብ ግማሽ የሚያህል ከታጠፈ የላይ ነው፤ ረዘም ብሎ ዘንበል ያለ ከሆነ የታች። ፊቱ ላይ ቦይ መኖሩን በጎን ብርሃን እዩ። ትልቁ የሸምበቆ አይጥ፣ ትሪዮኖሚስ፣ የላይ ጥርሱ ላይ ሦስት ቦይ አለው። ኦቶሚስ የተባለው የደጋ ሣር አይጥ ከላይም ከታችም ቦይ አለው። ጀርቢል የሚባሉት የበረሃ አይጦችና ሣር ላይ የምትወጣው ትንሿ ዴንድሮሙስ ደግሞ ከላይ ብቻ አንድ። የሰው ቤት የምትኖረው ትንሿ አይጥ ቦይ የላትም፤ የላይ ጥርሷን ጫፍ በጎን ስታዩት ግን እንደ ደረጃ የተቆረጠ ነው። የፊት ጥርስ ብቻውን ስም አያሰጥም፤ ጥርጣሬን ግን ያጠብባል።

መንጋጋው፦ የላይ ወይስ የታች፣ ቀኝ ወይስ ግራ

የአብዛኛው አይጥ አፍ 16 ጥርስ ብቻ ነው ያለው፦ በእያንዳንዱ ሩብ አንድ የፊት ጥርስና ሦስት መንጋጋ። ጃርትና ትሪዮኖሚስ በየሩቡ አራት መንጋጋ ስላላቸው 20 ይሆናል። ከአሁን በኋላ የምናገረው ስለ ባለ ሦስቱ ነው።

የተለመደው የአይጥ የላይ መንጋጋ በገበጣ ይመሰላል፤ ባለ ሦስት ረድፉ ገበጣ፣ ግን በጉድጓድ ፋንታ ጉብታ። አንደኛው የላይ መንጋጋ ላይ ሦስት በሦስት ሆነው የሚቆሙ ጉብታዎች አሉ፤ ባለሙያዎች ከ1 እስከ 9 ቁጥር ይሰጧቸዋል። የመጀመሪያው አግዳሚ 1፣ 2፣ 3፤ ሁለተኛው 4፣ 5፣ 6፤ የኋለኛው 7፣ 8፣ 9 ነው፤ መቁጠር የሚጀመረው ከምላስ በኩል ነው። የታችኛው መንጋጋ ሁለት ረድፍ ብቻ አለው፤ ጠበብና ረዘም ይላል። ሥሩም ያግዛል፦ የታቹ በመሠረቱ ከፊትና ከኋላ ሁለት ሥር አለው፣ የላይኛው ሦስትና ከዚያ በላይ።

ቀኝና ግራን ለመለየት ብዙ ጀማሪ የሚያለቅስበት ቦታ ላይ አንድ ብልኃት አለ። በአፍሪካ አይጦች ብዙዎቹ ላይ ጉብታ 7 የለም። ስለዚህ በምላስ በኩል ሁለት ጉብታ ብቻ ታገኛላችሁ (1 እና 4)፣ በጉንጭ በኩል ግን ሦስት (3፣ 6፣ 9)። ሁለት ያለበት ጎን ምላስ ነው። የምላሱን ጎንና የፊቱን ጫፍ ካወቃችሁ ቀኝና ግራው ራሱ ይመጣል። የታችኛው አንደኛ መንጋጋ ላይ ደግሞ ጠበብ ያለው ጫፍ ፊት ነው፤ ከዋናዎቹ ረድፎች ውጭ ትንንሽ ተጨማሪ ጉብታዎች የተደረደሩበት ጎን ጉንጭ ነው።

አንደኛው መንጋጋ ትልቁና ብዙ የሚናገረው ነው። ሦስተኛ መንጋጋ ብቻ ካገኛችሁ ብዙ አትድከሙበት፤ በኦቶሚስ ካልሆነ በቀር።

ቅርጹ የማን ነው?

አሁን ጥርሱን ከላይ ቁልቁል እዩት፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ።

ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚሄዱ ቀጫጭን ሰሌዳዎች፣ መደርደሪያ ላይ ጥግ ለጥግ የቆሙ ደብተሮችን ከላይ እንደማየት ከሆነባችሁ፣ ኦቶሚስ ነው። በላይኛው መንገጭላ ትልቁ ሦስተኛው መንጋጋ ነው፣ በታችኛው ደግሞ አንደኛው፤ ይህ ግልባጭ በሌላ አይጥ ላይ አይገጥማችሁም። ሰሌዳዎቹን ቁጠሩ፣ ቁጥሩ ዝርያ ለመለየት ይረዳል። ኦቶሚስ የደጋ እርጥብ ሣር ወዳጅ ነው፤ በደለሉ ውስጥ ሲበዛ ረግረግ ወይም ወፍራም ሣር ነበረ ማለት ነው።

ጥርሱ ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ጉብታ የሌለው፣ ኢናሜሉ ወደ ውስጥ እየታጠፈ የገባ፣ ጥቅል እንጀራ ተቆርጦ ሲታይ የሚመስል ከሆነ ፍልፈል ነው፤ ሳይንሳዊ ወገኑ ታኪዮሪክተስ። በሱሉልታና በሆለታ ሜዳ ላይ የአፈር ቁልል የሚሠራው እሱ ነው። ከፍልፈል ጋር ግን ተጠንቀቁ። ራሱ ቆፋሪ ስለሆነ አሮጌ ንጣፍ ውስጥ ገብቶ ሊሞት ይችላል፤ ያኔ በመቶ ሺህ ዓመት ደለል ውስጥ የአምና ጥርስ ታገኛላችሁ። ቀለሙንና ክብደቱን ከጎኑ ከወጡት ጥርሶች ጋር አስተያዩ፤ በዙሪያው ለስለስ ያለና ቀለሙ የተለየ አፈር ከነበረ ጉድጓዱ ነው።

ጉብታዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተዋህደው ጠፍጣፋ ሞላላ አግዳሚዎች ከሠሩ፣ በመሐላቸውም ግልጽ ክፍተት ካለ፣ ጀርቢል ጠርጥሩ። እነዚህ በአብዛኛው የደረቅና የቆላ ልጆች ናቸው፤ በደጋ ደለል ውስጥ ሲገኙ ወይ አየሩ ተለውጦ ነበር ወይ አዳኝ ወፍ ከሩቅ አምጥቷቸዋል። ሁለቱንም አስቡ።

ቀሪው፣ ማለትም ብዙው፣ ባለ ጉብታው ነው። እዚህ ነው ጊዜ መውሰድ ያለባችሁ።

ጥርሱ ሰፊ፣ ጉብታዎቹ ወፋፍራም ሆነው ሲበሉ ወደ አግዳሚ የሚዋሐዱ ከሆነ አርቪካንቲስ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቀን የሚወጣው የሣር አይጥ ነው፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ማሳ ዳር ስትሄዱ እግራችሁ ሥር የሚሮጠው። ጠበብ ያለ ከሆነና ጉብታ 1 ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ከቀረ ማስቶሚስን አስቡ፤ እህል አጥፊ ነው። በመናገሻ ጫካ ደጋግሞ የተጠናው እግረ ነጩ ስቴኖሴፋለሚስ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ የሆነ ወገን ነው፤ ጥርሱ ከማስቶሚስ ጋር ስለሚቀራረብ ከድብልብል ባወጣችሁት ስብስብ ጎን ሳታስቀምጡ አትወስኑ። እኔ ሁለቱን ያለ ማነጻጸሪያ ለይቻለሁ የሚል ሰው አላምንም።

በጣም ትንሽ ከሆነ፣ አንደኛው የላይ መንጋጋም ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ድምር ከረዘመ፣ ሙስ ነው፤ የሰው ቤት የምትኖረው ትንሿ አይጥ ወገን። ትንሽ ሆኖ ዋነኛ ጉብታዎቹ በሁለት ረድፍ ብቻ ከቆሙና በምላስ በኩል አንድ ተጨማሪ ጉብታ ብቅ ካለ ደግሞ ሣር ላይ የምትወጣው ዴንድሮሙስ ናት።

ስለ ራቱስ ለብቻው ልንገራችሁ። ጣሪያ ላይ የሚሯሯጠው ትልቁ የቤት አይጥ ከእስያ ከሰው ጋር የመጣ እንግዳ ነው። አንደኛው የላይ መንጋጋው 3 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን አምስት ሥር አለው። በጥንት ደለል ውስጥ ካገኛችሁት ግኝት ብላችሁ አትደሰቱ፤ የላይኛው አፈር ከታችኛው ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነውና የዚያን ጆንያ አፈር በሙሉ ጠርጥሩ። ሙስ ግን እንዲህ አይደለም። አገር በቀል ትንንሽ ሙሶች በደጋችን ስላሉ እሷን ወዲያው እንግዳ ማለት አይቻልም።

ያረጀ ጥርስ ያታልላል

አንድ ጊዜ «አዲስ ዝርያ» አግኝቼ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ጉብታ የለውም፣ ሐይቅ የመሰሉ ጉድጓዶች ብቻ ናቸው ያሉት። አዲሱ ዝርያ ያረጀ አርቪካንቲስ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወጣት ጥርስ ጉብታ ሹል ነው። እየተበላ ሲሄድ ኢናሜሉ ይቀደድና ከሥሩ ያለው ለስላሳው ዴንቲን ቶሎ ስለሚጎደጉድ በጉብታው ፋንታ ጉድጓድ ይቀራል፤ ጠርዙ ላይ ኢናሜል ቆሞ። ገበጣው እውነተኛ ገበጣ ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻም ጉድጓዶቹ ይዋሐዳሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዝርያ ወጣት፣ ጎልማሳና ሽማግሌ ጥርስ በስብስባችሁ ውስጥ ይኑር። ልዩነቱ የዕድሜ ነው ወይስ የዝርያ ብላችሁ ሳትጠይቁ ምንም አትጻፉ።

የአዳኝ ሆድም ቅርጽ ይለውጣል። የጉጉት ጨጓራ ለዘብ ያለ ነው፤ ጥርሱን እምብዛም አይጎዳውም። ቀን የሚያድኑ አሞራዎችና እንደ ቀበሮ ያሉ ሥጋ በሎች ግን ኢናሜሉን በአሲድ ያሳሱታል፣ ጠርዙ ይሟሟል። እንዲህ ያለውን ጥርስ ስለ ዝርያው ብዙ አትጠይቁት፤ ማን እንደበላው ግን ይነግራችኋል።

መለካት

የጥርሱን አናት ትልቁን ርዝመትና ለእሱ ቀጥ ያለውን ትልቁን ስፋት ለኩ። ካሊፐር ለዚህ ሻካራ ነው። ጥርሱን ከሚሊሜትር ወረቀት ጋር በአንድ ከፍታ አስቀምጡና ስልኩን ሌንሱ ላይ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ አንሡ፤ ጥርሱ ትንሽ ካዘነበለ ልኩ ይሳሳታል። ሦስት ጊዜ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። አንድ ጥርስ ምንም አያረጋግጥም፤ ሠላሳ ጥርስ በርዝመትና በስፋት ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ስታስቀምጡ ግን ሁለት ክምር ከወጣ ሁለት ዝርያ ሊኖር ይችላል።

ስሙን መጻፍ

ጥርስ ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው እስከ ወገን (ጂነስ) ነው እንጂ እስከ ዝርያ አይደለም። በደጋችን ያለው ሎፉሮሚስ፣ ፀጉሩ ብሩሽ የመሰለው፣ ድሮ አንድ ሁለት ዝርያ ይባል ነበር፤ በዘረ መል ሲመረመር ብዙ ሆኖ ተገኘ። በሕይወት ያለው በዘረ መል ካልሆነ የማይለይ ከሆነ፣ የሞተውን በሁለት ሚሊሜትር ጥርስ እለያለሁ ማለት ድፍረት ነው። «ሎፉሮሚስ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ሙሉ መልስ ነው። ከአንድ ዝርያ ጋር በጣም የሚመሳሰል ግን ያላረጋገጣችሁት ከሆነ «ከዚህ ጋር የሚነጻጸር» በሉ። ጉብታ ሁሉ ጠፍቶበት ከሆነም «አይጥ፣ የላይ አንደኛ መንጋጋ፣ ግራ» ይበቃል።

ካፕሱሉ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት በእርሳስ ይጻፍ፤ ቀለም በእርጥበት ይፈሳል። ቦታው፣ የቁፋሮው ካሬ፣ ጥልቀቱ፣ የወንፊቱ ዓይን፣ የለቃሚው ስም፣ ቀኑ ይኑርበት። ቀኑ ሥር ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ጻፉ። እኔ አንድ ሣጥን ሙሉ ካፕሱል «12/1/2009» ብቻ ተጽፎበት አግኝቼ መስከረም ይሁን ጥር፣ የእኛ ይሁን የፈረንጅ፣ እስካሁን አልለየሁትም።